የአያትን የድሮ ፎቶ በጊምፕ ማደስ፦ ከስካነር እስከ ማተሚያ

በብዙ ቤት አንድ ፎቶ አለ። ቡፌ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ፣ መስታወት ውስጥ የገባ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የተበላ፣ መሃሉ ላይ የመታጠፍ መስመር ያለበት። ሌላ ቅጂ የለውም። ሙት ዓመት ሲደርስ ወይም አንድ ዘመድ ከውጭ ደውሎ "ላኩልኝ" ሲል ነው ሁሉም ትዝ የሚለው።

እኛ ቤት ያለው የአያቴ ነው። ስድስት በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ትንሽ ፎቶ፣ ፎቶ ቤት ሄዳ የተነሳችው። አክስቴ "አንተ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተህ ነው የምትውለው፣ እስቲ ይቺን አሳምርልኝ" ብላ ሰጠችኝ። እኔም መጀመሪያ አቋራጩን ሞከርኩ። የድሮ ፎቶ በአንድ ንክኪ "የሚያድስ" የስልክ አፕ አለ አይደል? ጫንኩት። በአስር ሰከንድ ጥርት ያለ፣ ቆዳው የሚያበራ ፎቶ ሰጠኝ። ችግሩ ሴትየዋ አያቴ አይደለችም። አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ሰፍቷል። አክስቴ አየችና "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" አለች።

ስለዚህ በእጅ መሥራት ግድ ሆነ። የሠራሁበት ጊምፕ ነው። ከዚህ በታች ያለው ያኔ የሄድኩበት መንገድ ነው፤ የተሳሳትኩባቸውንም ጨምሬ።

ጊምፕን ማውረድ

ጊምፕ ነፃና ክፍት ምንጭ የሆነ (ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል) የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። ስፔንሰር ኪምቦል እና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1995 ጀመሩት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በቀጣዩ ዓመት ለሕዝብ ወጣ። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ምልክት የሆነው ፔንግዊን፣ ተክስ፣ በዚያው በ1996 የተሳለው በጊምፕ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የያዙት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች። ስሪት 2.10 የወጣው በ2018 ነው፣ 3.0 ደግሞ በማርች 2025። በመሃል ሰባት ዓመት አለ። አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ መናደድ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ቁጥር አስቡት።

የምታወርዱት ጊምፕ ዶት ኦርግ ከሚባለው ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። በ2022 በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ማስታወቂያ ሆኖ የወጣ የውሸት ጊምፕ የሰው የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ሲያራግፍ ተገኝቷል። ፍለጋ ላይ ስሙን ስትጽፉ "ማስታወቂያ" የሚል ምልክት ያለበትን እለፉት። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ፣ ኢሜይል ሙሉ የሚላችሁ ወይም "ክራክ" (የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚያስከፍት) የሚሰጣችሁ ገጽ ካጋጠማችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ነፃ የሆነን ነገር ማን ክራክ ያደርጋል? ፋይሉ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ግን በሞባይል ዳታ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ጠብቁ።

እኔ የምጠቀመው 3.0ን ነው። በ2.10 ብትሠሩም አብዛኛው ነገር ያው ነው። የሜኑ ስሞችን እንግሊዝኛው ሲነበብ በሚሰማበት መንገድ እጽፋቸዋለሁ፣ ስክሪናችሁ ላይ ፈልጋችሁ እንድታገኟቸው።

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት

የሥራው ግማሽ እዚህ ያልቃል። እዚህ የጠፋን ነገር ጊምፕም ቢሆን አይመልሰውም።

ስካነር ካገኛችሁ በስካነር። መስታወቱን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ፎቶውን ግን አትጥረጉት፤ ለስላሳ ብሩሽ ካላችሁ አቧራውን ብቻ አራግፉ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር ስካን አድርጉ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ። ሪዞሉሽኑ ላይ ትንሽ ሂሳብ አለ። ስድስት በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው) ስካን ሲደረግ 1417 በ2126 ፒክስል ይሆናል። ለማተም የሚፈለገው በተለምዶ 300 ስለሆነ ይህ 12 በ18 ሴንቲ ሜትር ያወጣችኋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 20 በ30 ከፈለጋችሁ 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በ1200 ስካን አድርጉ። ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ቁጥሩን ራሳችሁ ንገሯቸው። ዝም ካላችሁ ለመታወቂያ ኮፒ በሚጠቀሙበት ዝቅተኛ ቁጥር ነው የሚሠሩላችሁ።

ጀርባውንም ስካን አድርጉ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም የሚገኘው እዚያ ነው።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ጥላ ውስጥ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ፎቶውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። በጣም አትጠጉ፤ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ዙም አድርጉ፣ አለዚያ ጠርዙ ይጎብጣል። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ በፍጹም አትላጡት። ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ አንሱት፤ የራሳችሁ ነጸብራቅ እንዳይገባ አንድ ሰው ከስልካችሁ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ሻርፕ ይዘርጋ።

ፎቶው ያለው ክፍለ ሀገር ወይም ሌላ አገር ከሆነ በቴሌግራም ሲልኩላችሁ "እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልኝ" በሉ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ዋሽንግተን ያለች የአጎቴ ልጅ ለሦስት ዓመት ይዛው የኖረችው ያን የተጨመቀውን ነበር።

መክፈት፣ ኮፒ ማድረግ፣ ማስቀመጥ

ፎቶውን ጊምፕ ውስጥ ክፈቱ። በስተቀኝ በኩል የሌየሮች (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ንብርብር ማለት ነው) ዝርዝር አለ፤ አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው። ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ዲን አንድ ላይ ተጫኑ። ኮፒው ከላይ ይመጣል። የታችኛውን "ዋናው" ብላችሁ ሰይሙትና ከዚያ በኋላ አትንኩት።

ኮንትሮል እና ኤስ ስትጫኑ ጊምፕ በኤክስ ሲ ኤፍ ያስቀምጥላችኋል። ሌየሮቹን ሁሉ ይዞ የሚያስቀምጠው ይህ የራሱ ፎርማት ነው። ስሙን የወሰደው መሥራቾቹ አባል ከነበሩበት የበርክሌይ ተማሪዎች የኮምፒውተር ክበብ ነው። ጄፔግ ለማግኘት "ሴቭ" ሳይሆን "ኤክስፖርት" ነው የምትሉት። አዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይበሳጫል፣ እኔም ተበሳጭቻለሁ፤ ግን ልክ ናቸው። ያ ሕግ ባይኖር ኖሮ የአያቴን አንገት አጥፍቼ ቀርቼ ነበር። እመለስበታለሁ።

ፎቶው ዘመም ካለ "ሜዠር" የሚባለውን መሣሪያ አንሱ (ሺፍት እና ኤም)። ቀጥ ማለት ባለበት ጠርዝ ላይ መስመር ጎትቱና "ስትሬይትን" የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ በ"ክሮፕ" የተረፈውን ቁረጡ። ጠርዙ ላይ ያለውን ነጭ ፍሬም ግን አትቁረጡት። የድሮ ፎቶ ያለዚያ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ ምኑን የድሮ ፎቶ ሆነ?

ቢጫውን እድፍ ማስወገድ

በከለር ስካን አድርጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የአያቴ ፎቶ ላይ ከቀኝ ትከሻዋ እስከ ታች የወረደ ቡናማ የውሃ እድፍ ነበር። አንድ ሙሉ ምሽት በብሩሽ ስታገለው አመሸሁ። እድፉን ሳነጣ ነጠላዋም አብሮ ይነጣል። ሰልችቶኝ ጥያቄውን የጊምፕ ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ላይ ወደሚጠያየቁበት መድረክ ላክሁት። አንድ የማላውቀው ሰው በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ "ቀዩን ቻናል ብቻ አይተኸዋል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የከለር ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሦስት ንብርብር ይሠራል። ቢጫና ቡናማ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ሰማያዊው ላይ እድፉ እንደ ቀለም ጠቁሮ ይታያል፤ ቀዩ ላይ ግን ገርጥቶ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ከለሩ ለምንም አያስፈልገንም፤ ቀዩን ብቻ ወስደን ሌላውን እንጥላለን።

አሠራሩ፦ የላይኛውን ሌየር ምረጡ። "ከለርስ"፣ ከዚያ "ኮምፖነንትስ"፣ ከዚያ "ኤክስትራክት ኮምፖነንት" ግቡ። ከዝርዝሩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያላችሁ አቀያይሩና ፎቶውን እዩ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በጣም ንጹሑን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ነው። 3.0 ላይ ማጣሪያው ሌየሩ ላይ እንደ ተነሺ ክዳን ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከሌየሩ ጎን ኤፍ ኤክስ የሚል ምልክት ይወጣል። ለዚህ ሥራ ግን "መርጅ ፊልተር" የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባትና ከሌየሩ ጋር ይዋሐድ። ዋናው ከሥር ስላለ የሚያስፈራ ነገር የለም።

እኔ ጋ እድፉ ከአሥር እጅ ከዘጠኙ በላይ ሄደ። አንድ ምሽት ያቃጠልኩበት ነገር በሦስት ክሊክ።

ቀጥሎ "ከለርስ" ውስጥ "ሌቭልስ"ን ክፈቱ። ተራራ የሚመስል ግራፍ ይመጣል። የደበዘዘ ፎቶ ከሆነ ተራራው መሃል ላይ ተከምሮ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። በግራ ያለችውን ጥቁር ሦስት ማዕዘን ተራራው እስከሚጀምርበት፣ በቀኝ ያለችውን ነጭ እስከሚያልቅበት አስጠጉ። ከዚያ አልፋችሁ አትግፉ። ነጠላው ነጭ ሆኖ ሽመናው ከጠፋ፣ ሹሩባው ጠቁሮ ግንዱ ካልተለየ አብዝታችኋል፤ ትንሽ መለስ በሉ። የድሮ ፎቶ ዛሬ የተነሳ እንዲመስል ማድረግ ዓላማ አይደለም።

ጭረትና ነጥብ ማንሳት

ሌየሩን እንደገና ኮፒ አድርጉ፤ አዲሱን "ጽዳት" በሉት። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሌየር ይኑረው።

ዋናው መሣሪያ "ሂል" ነው (ፊደሏ ኤች)። አዶዋ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ትመስላለች፣ ሥራዋም እሱው ነው። ንጹሕ ቦታ ላይ ኮንትሮልን ይዛችሁ ክሊክ አድርጉ፤ ይህ "ቆዳውን ከዚህ ውሰድ" ማለት ነው። ከዚያ ነጥቡ ላይ ክሊክ። ሂል የወሰደውን ሸካራነት ከአካባቢው ብርሃንና ጥላ ጋር አስማምቶ ይለጥፈዋል። የብሩሹ ስፋት ከነጥቡ ትንሽ ብቻ ይብለጥ፤ በማዕዘን ቅንፎቹ ቁልፎች ማሳነስና ማስፋት ትችላላችሁ።

እኔ ስጀምር ያደረግሁት ስህተት እንደ ቀለም ብሩሽ መጎተት ነበር። ጉንጯ ላይ ያለችውን ረጅም ጭረት በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ጎተትኳት። ጭረቷ ሄደች፣ በቦታዋ ግን ቅቤ የተቀባ የሚመስል ጎዳና ቀረ። ነካ ነካ እያደረጉ ነው የሚሠራው። በየአምስት ስድስት ክሊኩ አዲስ ምንጭ ውሰዱ፣ ያውም ከዚያው ከጭረቱ አጠገብ። የግንባርን ቆዳ አምጥታችሁ አገጭ ላይ ከለጠፋችሁ ያስታውቃል።

ሂል የሚከሽፍበት አንድ ቦታ አለ። ጭረቱ የብርሃንና የጨለማ ድንበር ጋ ሲደርስ፣ ለምሳሌ ፀጉሯ ከኋላው ካለው ነጭ መጋረጃ ጋር የሚገናኝበት፣ ጥቁሩን ወደ ነጩ ይደፋዋል። ጥላሸት ይመስላል። እዚያ ላይ "ክሎን" ውሰዱ (ፊደሏ ሲ)። ክሎን ምንም ሳያስማማ እንዳለ ነው የሚገለብጠው፤ ድንበር ላይ የሚፈለገው ያ ነው። ድንበሩን በክሎን ከሠራችሁ በኋላ ቀሪውን በሂል ጨርሱ።

አንድ ጥግ ሙሉ በሙሉ ከተቀደደስ? ከፎቶው ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ዳራ በ"ፍሪ ሰሌክት" ክበቡ፣ ጠርዙ እንዲለሰልስ "ፌዘር" አድርጉ፣ ኮፒ አድርጋችሁ እንደ አዲስ ሌየር ለጥፉና ወደ ጥጉ ጎትቱት። የፎቶ ቤት መጋረጃ ለዚህ የተመቸ ነው፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ፊት ላይ ግን ይህን አታድርጉ። የጎደለ ዓይንን ከሌላው ዓይን ገልብጦ መሙላት ይቻላል፤ የሚወጣው ግን መንትያ ዓይን ያላት እንግዳ ሴት ናት። ከአፑ ምን ተሻላችሁ?

እየሠራችሁ በጣም ተጠግታችሁ አትቅሩ። "ቪው" ውስጥ "ኒው ቪው" የሚል አለ። ያንኑ ፎቶ በሁለተኛ ትር ይከፍትላችኋል። አንዱ ላይ ተጠግታችሁ ስትሠሩ ሌላው ላይ ሙሉው ይታያችኋል። ተጠግታችሁ ስታዩት አስፈሪ የሚመስል ነጥብ ከሩቅ ጭራሽ አይታይም። እንዲህ ያለውን ተዉት።

"ብሩሹ አልሠራ አለኝ"

ይህ ሁሉም ላይ ይደርሳል። ትነካላችሁ፣ ምንም አይሆንም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከማብራታችሁ በፊት አራት ነገር እዩ።

መጀመሪያ፣ አንድ ቦታ ሳታውቁት ሰሌክሽን (የተከለለ ቦታ) ተከፍቶ ይሆናል። ሰሌክሽን ካለ ብሩሽ የሚሠራው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ኤ ተጫኑ፣ ይዘጋል። ከአሥሩ ሰባቱ ችግር ይኸው ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሁለተኛ፣ የተመረጠው ሌየር የቱ ነው? ሥር ያለውን መርጣችሁ ስትቀቡ ላዩ ይሸፍነዋል። ሦስተኛ፣ የብሩሹ "ኦፓሲቲ" (ምን ያህል ደምቆ እንደሚቀባ የሚወስነው) ዜሮ አጠገብ ወርዶ ይሆናል። አራተኛ፣ ሌየሩ ተቆልፎ እንደሆነ እዩ።

ሌላው ድንጋጤ ፓነሎቹ በሙሉ ድንገት እልም ሲሉ ነው። ታብ የምትለዋን ቁልፍ ነክታችኋል። እንደገና ንኳት፣ ይመለሳሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ ድጋሚ ጭኛለሁ። ለማንም እንዳትናገሩ።

ሰው መጠየቅ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ጠይቁ። የጊምፕ ሰዎች ቸር ናቸው፣ ግን ጠንቋይ አይደሉም። "ጊምፕ አይሠራም፣ እርዱኝ" ብሎ መጻፍ ሐኪም ቤት ገብቶ "አሞኛል" ብሎ ዝም ማለት ነው።

ጥያቄያችሁ ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦ የጊምፕ ስሪት ("ሄልፕ" ውስጥ "አባውት" ላይ ይገኛል)፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ወይም ማክ፣ ልታደርጉ የፈለጋችሁት፣ የተጫናችሁት በቅደም ተከተል፣ የሆነው ነገር። ከዚያ ስክሪንሾት። ስክሪንሾቱ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን መላ መስኮቱን ያሳይ፤ የሌየሩ ዝርዝርና የመሣሪያው ቅንብር የግድ ይታይ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። እኔ ስለ እድፉ ስጠይቅ መጀመሪያ የላክሁት ያበላሸሁትን ነበር። "ዋናውን አሳየን" ተባልኩ። ቡናማውን ቀለም ሲያዩ ነው መፍትሔው የታያቸው።

እንግሊዝኛችሁ አጭርና ሰባራ ቢሆን ማንም አይስቅም። ከመላሾቹም ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። የሚያናድዳቸው ሌላ ነው፦ "ፎቶሾፕ ላይ እኮ ይህ በአንድ ክሊክ ነው" የሚል መግቢያ። ቢሆንስ? ሄዳችሁ ፎቶሾፕ ተጠቀሙ ትባላላችሁ፣ ያውም በትሕትና። የቤተሰብ ፎቶ አደባባይ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ችግሩ ያለበትን ጥግ ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ። እኔ ትከሻዋን ብቻ ነው የላክሁት።

ችግሩ የእናንተ ሳይሆን የሶፍትዌሩ ከሆነ፣ ማለትም ያንኑ ነገር ስታደርጉ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነ፣ ግኖም የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ጊትላብ በተባለው ችግር መመዝገቢያ ድረ ገጹ ላይ ይመዘገባል። መጀመሪያ ሌላ ሰው አስመዝግቦት እንደሆነ ፈልጉ። መዋጮ ማለት ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም። ሜኑውን ወደ የቋንቋቸው የሚመልሱት በግኖም የትርጉም ቡድኖች በኩል የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። "ሌየር"ን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ጭቅጭቅ ደስ የሚለው ሰው ካለ በሩ ክፍት ነው። እኔ "ንብርብር" እላለሁ፣ ጓደኛዬ "ድርብ" ይላል፣ ሁለታችንም ስንሠራ "ሌየር" ነው የምንለው።

ቅባቱን ማጥፋት

በሂል ብዙ የሠራችሁበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ልስልስ ብሎ ፕላስቲክ ይመስላል። የድሮ ፊልም የራሱ ደቃቅ አሸዋ አለው፤ የጠፋው እሱ ነው። "ፊልተርስ" ውስጥ "ኖይዝ" ገብታችሁ ጥቂት አሸዋ መልሱበት። ከለር እንዳይኖረው ተጠንቀቁ፤ ሦስቱ ከለሮች ለየብቻ እንዲሄዱ የሚያደርገውን ምልክት አንሱ። ከሩቅ የማይታይ፣ ከቅርብ ብቻ የሚታይ ያህል ይበቃል። ማጥራት ከፈለጋችሁ "ሻርፕን" አለ፤ ራዲየሱን 1.5 አካባቢ፣ መጠኑን 0.5 አድርጉና እዩት። ዓይኗ ዙሪያ ነጭ መስመር ከወጣ አብዝታችኋል።

ከማተም በፊት ለሚያውቃት ሰው አሳዩ

ጨርሻለሁ ብዬ ለአክስቴ ላፕቶፑ ላይ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች። ዝም ብላ ብዙ አየች። "አምሮልሃል" አለች። ከዚያ ጣቷን አንገቱ ላይ አድርጋ "ንቅሳቷን ወዴት አደረግከው?" አለችኝ።

አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። ሦስት ዙር፣ ቀጭን፣ ፎቶው ላይ ደብዝዞ የጭረት ያህል ብቻ የሚታይ። እኔ በደንብ ሳላውቃት ነው ያለፈችው። እድፍ ነው፣ የመታጠፍ ምልክት ነው ብዬ አንድ በአንድ በሂል አጥፍቼዋለሁ። ያውም በጣም በጥንቃቄ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

የዳነው በሌየሩ ነው። "ጽዳት" የሚለው ሌየር ላይ በቀኝ ክሊክ "አድ ሌየር ማስክ" አልኩ፣ ነጩን መረጥኩ። ማስክ ላይ ጥቁር ስትቀቡ ያ ቦታ ይከፈትና ከሥሩ ያለው ይታያል፤ ነጭ ስትቀቡ መልሶ ይሸፈናል። ለስላሳ ብሩሽ ይዤ አንገቷን በጥቁር ቀባሁት። እድፉ የሄደለት፣ ገና ያልጸዳው አንገት ከሥር ብቅ አለ፤ ሦስቱም ዙር ተመለሱ። ከዚያ እውነተኛዎቹን ጭረቶች ብቻ፣ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ "ይሄ ነው፣ ይሄ አይደለም" እያለች አነሳኋቸው። እግረ መንገዷን ቅንድቧ ላይ ያለችው ነጥብ አቧራ ሳትሆን ጠባሳ መሆኗን ነገረችኝ። በልጅነቷ ከፈረስ ወድቃ ነው አሉ።

ስለዚህ ይህ ደረጃ አይዘለል። አንገት፣ ግንባር፣ ድድ፣ እጅ ላይ ያለ ማንኛውንም መስመር ከማጥፋታችሁ በፊት ጠይቁ። ከባለ ፎቶው ጋር የኖረ ሰው ሳይሞት።

ስም መጻፍና ማተም

ከሥር ስምና ዓመት የምትጽፉ ከሆነ ፊደሏ ቲ የሆነችውን መሣሪያ ውሰዱ። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ፣ ለእንዲህ ዓይነት ፎቶም ያምራሉ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ሊኖር ይችላል። ፎንቱን እየቀያየራችሁ ፊደሉ አልቀየር ካለ ያ ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው፤ ጊምፕ ካለው ፎንት ተበድሮ ነው የሚጽፍላችሁ። ሌላ ቦታ በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ደግሞ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል። እንደ አዲስ መተየብ ነው መፍትሔው።

"ኢሜጅ" ውስጥ "ፕሪንት ሳይዝ" ከፍታችሁ 300 አስገቡ፤ በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢ፤ ጄፔግ፣ ጥራቱ 95። ፎቶ ቤቱ በፍላሽ ቢወስድላችሁ ይሻላል። በቴሌግራም ከሆነ፣ ያው፣ እንደ ፋይል። "ብራይት እናድርገው?" ሲሏችሁ "እንዳለ አትሙት" በሉ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ አሳትሙና ቀን ብርሃን ላይ እዩዋት፤ ስክሪን ሁልጊዜ ከወረቀት ይደምቃል። የእኔ የመጀመሪያዋ ጠቁራ ወጣችብኝ። ሌቭልስ ላይ የመሃሏን ሦስት ማዕዘን ትንሽ ወደ ግራ ገፍቼ ሁለተኛውን አሳተምኩ።

የኤክስ ሲ ኤፍ ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። የወረቀቱን ፎቶ ተመልሳችሁ መስታወት ሥር አትክተቱት፤ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉና ፀሐይና እርጥበት የማይደርስበት መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። ቡፌው ላይ አዲሱ ይቀመጥ። አክስቴ ግን እምቢ ብላ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋቸዋለች።